የዜድ ዌቭ ሀብ ለምትገዙ፦ የትኛው ዲቫይስ ኢንክሪፕት ይደረግ?

ሀቡን፣ ማለትም የቤቱን መብራት፣ ሶኬትና ቁልፍ ዜድ ዌቭ በሚባለው ሬዲዮ የሚያዘውን ማዕከል፣ ስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁ፣ ወድጄዋለሁ፣ ግን አዲስ ዲቫይስ ስታስገቡ ሴኪውሪቲ (ኢንክሪፕሽን፣ መልእክቱን በሚስጥር መቆለፍ) ይብራ ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ ለሁሉም እሺ አትበሉ። እኔ እንደዛ አድርጌ ነው የተቸገርኩት። ኤስ ዜሮ የሚባለው የድሮው ኢንክሪፕሽን አንዲት ትእዛዝ ለማድረስ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ መጀመሪያ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ይጠየቃል፣ ቁጥሩ ይመጣል፣ ከዛ ነው ዋናው መልእክት የሚሄደው። ፍጆታ የሚለካው ሶኬቴ በየጥቂት ሰከንዱ ዋት እየላከ ኔትወርኩን አጨናንቆት የኮሪደሩን መብራት ስዊች ነክቼ ጨለማ ውስጥ ቆሜ እስኪበራ እጠብቅ ነበር። ሶኬቱን አውጥቼ ያለ ኤስ ዜሮ መልሼ ሳስገባው በቃ ተስተካከለ።

የበር ቁልፍና የጋራዥ በር ግን በፍጹም ያለ ኢንክሪፕሽን እንዳታስገቡ! ሬዲዮ ግድግዳ አያግደውም፣ ውጪ የቆመ ሰው ከሀቡ የመጣ አስመስሎ ክፈት የሚል ትእዛዝ ሊልክ ይችላል። ኤስ ቱ የሚባለው አዲሱ ኢንክሪፕሽን ያለው ዲቫይስ ከሆነማ ሁሌም አብሩት፣ ያ ሁሉ ምልልስ የለበትም፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ሰርተፋይድ ለሚሆን የዜድ ዌቭ ዲቫይስ ግዴታ ነው። በኤስ ቱ የበር ቁልፍ ወደ ኔትወርኩ ስታስገቡ ዲቫይሱ ላይ ካለው ኮድ 5 ዲጂት ይጠይቃችኋል፣ ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ እኔ የገጠምኩትን ብሎን መልሼ ፈትቼ ነው ያነበብኩት።

አንድ ያናደደኝ ነገር፣ ኤስ ቱ ሳይሳካ ሲቀር ሀቡ ምንም ሳይናገር ያለ ሴኪውሪቲ ያስገባዋል። ካስገባችሁ በኋላ የዲቫይሱን ገጽ ከፍታችሁ ቼክ አድርጉ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።