ወንድሜን ላቆመችልን ፊዚዮቴራፒስት

ይህ ምስጋና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ለምትሠራ አንዲት ባለሙያ ነው። "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ አልጽፍም።

ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነው። ብሽሽቱን ያመው ጀመር። ባጃጅ ሲገባና ሲወርድ ፊቱ ይጨማደዳል። ራጅና ኤምአርአይ ሲነሳ የዳሌውን ጎድጓዳ ዙሪያውን የሚይዘው ለስላሳ ቀለበት፣ ላብረም የሚሉት፣ ተቀዷል ተባለ። ውጭ አገር እህታችን ጋ ሄዶ በአርትሮስኮፒ፣ በካሜራ በሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ ተሠራለት። ክራንችና የወረቀት ክምር ይዞ ተመለሰ። ምን እንደተደረገለት ግን በወጉ ያስረዳው የለም። ሰፈሩ ደግሞ "ዳሌው በብረት ተቀየረ" ብሎ ጨርሶታል።

ቁጭ አድርጋ ያስረዳችን እሷ ናት። የተቀየረ ነገር የለም። እግሩ ተስቦ መገጣጠሚያው ትንሽ ይከፈታል። በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ ይገባል። የተቀደደው ጠርዙ ላይ ተመልሶ ይሰፋል፣ የሚፋተገው ትርፍ አጥንት ይሞረዳል። ብልቱ አካባቢ የደነዘዘውም እግሩ ስለተሳበ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል አለችው። ልጁ ይህን ለእኛ እንኳ መናገር አፍሮ ነበር። እሷ ሳይጠይቃት አነሳችለት!

እናታችን የዳሌ ሪህ አለባት። "የኔንስ በቀዳዳ አይሠሩትም?" አለች። "እማማ፣ የእርስዎ ካርቲሌጁ፣ አጥንቱን የሚሸፍነው ልስልሱ፣ አልቋል፤ አጥንት ላጥንት ሲገናኝ ይሄ ብዙም አይረዳም" ብላ እንቅጩን ነገረቻት። ተስፋ አልሸጠችላትም። እኔ ያን ቀን ነው የወደድኳት።

የጎንደርን ዳገት ቁልቁለት ታውቃላችሁ። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ ክራንቹና የታመመው። ዳሌው በጣም እንዳይታጠፍ ቡና ላይ በርጩማ ቀረ። ስግደትም ለጊዜው ቀረ። እናቴ በዚህ ተቆጥታ ነበር፤ "ቆሞ ይጸልያል እማማ" ብላ አሳመነቻት።

አሁን ክራንቹን ጥሏል። ኳስ ግን ገና አልፈቀደችለትም፣ በየቀኑ ይነጫነጫል።

እግዚአብሔር ይስጥልን እህታችን። የምትሄዱ ሰዎች፣ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ምኑ እንደተሰፋ፣ ምኑ እንደተሞረደ ሳታይ እንቅስቃሴ አታስጀምርም።