ጀርመን ሆናችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁ ሊያልቅ ለደረሰ ሁሉ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ወር ዘገየሁ። አንደኛ ሥራው ፋታ አይሰጥም። ሁለተኛ ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ነው። አሁን በርዷል። ማለቴ፣ ትንሽ በርዷል።

ነርስ ነኝ። ጀርመን፣ ሄሰን ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በሙያ እውቅና ቪዛ ነው። እዚህ እየሠራሽ ትማሪያለሽ፣ ትፈተኛለሽ፣ ካለፍሽ እንደ ጀርመን ነርስ ትቆጠሪያለሽ የሚባለው። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ኡርኩንደዬን፣ ማለትም የነርስነት ፈቃድ ወረቀቴን፣ ይዤ እያለቀስኩ የተነሳሁት ፎቶ ኮተቤ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ የቀረኝ የመኖሪያ ፈቃዴን ወደ ባለሙያ ፈቃድ ማዞር ብቻ ነበር። "ብቻ" ስል ራሴም ይስቀኛል።

ካርዴ የሚያልቀው ሐምሌ 8 ነበር። ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የውጭ ዜጎች ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ቅጹን ሞልቼ ላክሁ። ማሽን የሚጽፈው ዓይነት መልስ በኢሜይል መጣ። ደርሶናል፣ ይጠብቁ፣ ደጋግመው አይጻፉልን ይላል። ከዚያ ጭጭ። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ የለም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ከፍቼ ቀን መቁጠሪያውን አያለሁ፤ ሁሉም ቀን ግራጫ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አዲስ ቀን ይለቃሉ ሲሉኝ አላርም ሞልቼ ተነስቼም አውቃለሁ። ስደውል ሙዚቃ ነው። ያንን ሙዚቃ ዛሬም ሳላውቀው ዕቃ ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ።

ሰኔ 10 አባቴ አረፈ። ለቀብሩ እንደማልደርስ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛ አገር ሬሳ ሰው አይጠብቅም። ለአርባው ግን እመጣለሁ አልኳት እናቴን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰላሁት። አርባው ሐምሌ 19፣ ካርዴ የሚያልቀው ሐምሌ 8። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

የጨነቀው ሰው ምን ያደርጋል? በሰው በሰው ቴርሚን አወጣለሁ የሚል አገኘሁ። የአገሬ ልጅ ነው፣ እሱ ነው የበለጠ የሚያንገበግበኝ። "ውስጥ ሰው አለኝ" አለ። 400 ዩሮ ሰጠሁት። አራት ፎቶ አምጪ ብሎ አስነሳኝ፤ ፎቶዎቹ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። መጀመሪያ "እህቴ አታስቢ" ነበር። ቀጥሎ "እየታየ ነው"። ከዚያ ዋትስአፑ ላይ የምልከው ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ቆመ። አባቴ መሞቱን ነግሬው ነበር እኮ። ነፍስ ይማር ብሎኝ ነው ብሩን የቆጠረው።

ከዚያ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። 150 ዩሮ፣ ሃያ ደቂቃ። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ አላየኝም። ስለ አባቴ ስነግረው "ይሄ ለጉዳዩ አያስፈልግም" አለኝ። ካመለከትሽ ሦስት ወር ሞልቶ ዝም ካሉሽ መክሰስ ትችያለሽ ብሎ ደረሰኙን ሰጠኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚያን ሰዓት የሚያስፈልገኝ ክስ አልነበረም።

ሐምሌ 9 ጠዋት ደግሞ ሥራ ስገባ አስቆሙኝ። ካርድሽ አልቋል፣ ቅጣቱ የሚመጣው እኛ ላይ ነው፣ ወረቀት እስክታመጪ ቤትሽ ሁኚ። ያለ ደመወዝ። ልብሴን ቀይሬ ነበር። 12 ቁጥር ክፍል ያሉት አሮጊት ቁርሳቸውን ከኔ እጅ ካልሆነ አይበሉም፤ በኮሪደሩ ሳልፍ ስሜን እያጣመሙ ሲጠሩኝ ሰማሁ። ዘወር ብዬም አላየሁ። አርባውን ክፍሌ ውስጥ በቪዲዮ ተከታተልኩት። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስሮልኝ ነበር። ዝናቡ ሸራውን ሲመታ ነው የሚሰማኝ እንጂ የቄሱ ድምፅ እንኳ አይለይም።

አሁን ወደ ደጉ ልምጣ።

አብራኝ የምትሠራ ሶርያዊት ናት የጠቆመችኝ። "ኤም ቤ ኤ ሂጂ፣ ለስደተኞች ምክር የሚሰጡበት ቢሮ ነው፣ በነፃ ነው" አለችኝ። እውነት ለመናገር "በነፃ" ስትለኝ ተስፋ ቆረጥኩ። ከፍዬ ያልሆነልኝ በነፃ ሊሆንልኝ? ሄድኩ እንጂ ምን አማራጭ አለኝ። አሮጌ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች ያሉት መጠበቂያ። ያገኘኋቸው ሴት ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ይመስላሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እዚህ እትዬ እላቸዋለሁ፤ በልቤም እንደዚያ ነው የምላቸው። እሳቸው በጀርመንኛ "እርስዎ" ነው የሚሉኝ፤ በአማርኛ ሳስታውሰው ግን ሁልጊዜ "አንቺ" እንዳሉኝ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ።

ወረቀቶቼን በፌስታል ነበር የያዝኩት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ሁሉንም። የሥራ ውሉን፣ የደመወዙን ወረቀት፣ የቤት ኪራዩን፣ የጤና መድኑን። እያነበቡ ይበሳሉ፣ በቀን ቅደም ተከተል ፋይል ውስጥ ይሰካሉ። ለምን እንደቸኮልኩ ሲጠይቁኝ ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ኮምፒውተሩን ዘጉት። ምንም አላሉም፣ ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ "አርባው አልፏል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን አለ?" አሉ። ሰማንያ የሚባል አለ አልኳቸው። ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ በኔ ጀርመንኛ ምን ያህል እንደገባቸው እንጃ። ግድግዳው ላይ ካለው ቀን መቁጠሪያ ላይ በጣታቸው ቆጠሩ። ነሐሴ 29፣ በነሱ ሴፕቴምበር 4። ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው የፋይሉ ልባስ ላይ በትልቁ "4.9." ብለው ጻፉ።

ወገኖቼ፣ ሁለት ወር ሙሉ ለአባቴ መድረስ ያለብኝን ቀን ለሁሉም ስናገር ነበር። የጻፈው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ያቺን የማሽን ኢሜይል ስልኬ ላይ አገኟት። እኔ ከምንም አልቆጠርኳትም ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን አዩ፣ ካርዴ የሚያልቅበትን አዩ፣ እንደገና ኢሜይሉን አዩ። "ይቺ እኮ ሁሉ ነገር ናት" አሉኝ። ሕጉን አልተረዳሁትም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እንደገባኝ ግን ካርድሽ ሳያልቅ ካመለከትሽ፣ እስኪወስኑ ድረስ አሮጌው ፈቃድሽ እንዳለ ይቆጠራል። ሥራውም ጭምር። የጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81፣ ንዑስ አንቀጽ 4። ይህን ቁጥር እንደ ልደቴ ቀን ነው የማስታውሰው። ለካ ያለ ደመወዝ ቤቴ ስቀመጥ መሥራት እችል ነበር! እዚያው እኔ ፊት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለመሥሪያ ቤቴም ለቢሮውም ላኩ። በሦስተኛው ቀን ሰኞ ሥራ ግቢ ተባልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ቴርሚን መጣ። ግራጫው ሁሉ የት ሄደ?

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፣ ለኔ ትልቁ እሱ ነው። ለቴርሚኑ ከመሄዴ በፊት እትዬ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን ሳሉልኝ። የሚሰጡሽ ወረቀት ላይ እነዚህ ሳጥኖች አሉ፣ ሦስተኛዋ ላይ ምልክት ከሌለ ከወንበሩ እንዳትነሺ አሉኝ። ያለ ሦስተኛዋ ከአገር ወጥተሽ በዚያ ወረቀት አትመለሺም። ወረቀቷ ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ትባላለች፣ እስኪወስኑ ድረስ አሮጌው ፈቃድሽ እንዳለ መቆጠሩን የምትመሰክር ናት፤ ስሟን ለመጥራት የፈጀብኝ ጊዜ ቀላል አይደለም። ሄድኩ። 13 ዩሮ ከፈልኩ። አሥራ ሦስት! ያስተናገደኝ የቢሮው ልጅ ትሑት ነበር፣ አልዋሽም። ወረቀቷን ሲሰጠኝ ቢጫዋን አውጥቼ አስተያየሁ። ምልክቱ የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ በጣቴ አሳየሁት፣ "81፣ 4" አልኩ። ኮምፒውተሩን አየ፣ "ኦ፣ ይቅርታ" አለና አዲስ አተመልኝ። በቃ ይኸው ነው። ያቺ ቢጫ ወረቀት ባትኖር አመስግኜ ወጥቼ፣ ኮተቤ ደርሼ፣ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ነሐሴ 24 በረርኩ። ለሰማንያው ደረስኩ። ስለሱ እዚህ ብዙ አልጽፍም። እንቁጣጣሽንም ከእናቴ ጋር ዋልኩ፤ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስመለስ ቦሌ ላይ መጠነኛ ችግር ነበር። ቲኬት የሚያየው ልጅ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አይቶ አያውቅም፤ ካርድሽ አልፏል ይላል። እትዬ አሮጌውን ካርድ እንዳትጥዪ፣ ከፓስፖርቱና ከወረቀቷ ጋር ሦስቱን አንድ ላይ ያዢ ብለውኝ ስለነበር ሦስቱንም ደረደርኩለት። አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሌላ ሰው ጋ ደወለ፣ አለፍኩ። ፍራንክፈርት ስደርስ ፖሊሱ ወረቀቷን ገለጠ፣ ሦስተኛዋን ሳጥን አየ፣ ማህተም መታልኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን እግሬ አልሸከም ብሎኝ ሻንጣ መረከቢያው ጋ ቁጭ አልኩ።

ለእትዬ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና ይዤላቸው ሄድኩ። ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም አሉ። ከተከራከርን በኋላ መጠበቂያው ውስጥ ላለው የጋራ ማፍያ ተሰጠ። ስለዚህ አሁን እዚያ ወረፋ የሚጠብቅ አፍጋኑም ዩክሬናዊውም የእናቴን ቡና ይጠጣል። ካርዴ ባለፈው ሳምንት መጣ። ሳሳያቸው ካርዱን ሳይሆን ያለፈውን ዓመት የጡረታ መዋጮ ወረቀቴን ነው የጠየቁኝ። ለኛ ዓይነቱ ባለሙያ ቋሚ መኖሪያ በሦስት ዓመት ይቻላል፣ ከአሁኑ ወረቀትሽን ሰብስቢ አሉ። እኔ ገና ትንፋሼን ስሰበስብ እሳቸው ሦስት ዓመት ቀድመውኛል።

እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት እዚህ ሂዱ። ኤም ቤ ኤ ማለት ለአዋቂ ስደተኞች የሚሰጥ ምክር ነው። በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ አለ፣ ገንዘቡን መንግሥት ይከፍላል፣ ሥራውን የሚሠሩት ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ አቮ፣ ቀይ መስቀል የመሳሰሉት ናቸው። እናንተ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። ዕድሜያችሁ ከ27 በታች ከሆነ ለወጣቶች የተለየ ቢሮ አለ፣ ያም በነፃ ነው። ባምፍ ናቪ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የፖስታ ቁጥራችሁን ስታስገቡ ቅርባችሁ ያለውን ያወጣላችኋል። መሄድ ለማይመቸው ኤምቤኦን የሚባል መተግበሪያ አለ፣ በጽሁፍ ይመልሱላችኋል። ሁሉም ቢሮ እንደ እትዬ ነው ብዬ አልምልላችሁም፤ ሰው ነው የሚለየው። ግን ማንም 400 ዩሮ ተቀብሎ አይጠፋባችሁም።

ከሁሉ በላይ ካርዳችሁ ሳያልቅ አመልክቱ። የማሽን መልስም ብትሆን አትሰርዟት።

በኛ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የእትዬን ቢሮ አድራሻ እሰጣችኋለሁ። ሐሙስ ያለ ቀጠሮ ይቀበላሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ወረቀታችሁን በፌስታልም ቢሆን ሙሉውን ያዙ። ቡናው አልቆ ካገኛችሁት ደግሞ ንገሩኝ፣ እናቴ ልትልክ ተዘጋጅታለች።