ሮክዌል ወይስ ላይንዴከር? ሥዕል ለሚገዛ የሚሆን ንጽጽር

የአሜሪካዊውን የመጽሔት ሽፋን ሠዓሊ የኖርማን ሮክዌልን ሥራ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለይ። የሚሸጥለት ሠዓሊው በእጁ የሠራው ነው ወይስ ስሙ ያረፈበት ህትመት? በዚህ ስም የሚሸጠው ነገር ከጥቂት ዶላር እስከ 46 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ጥቂት ሺህ ዶላር ያለው ሰው የሮክዌልን ፊርማ ከሚገዛ፣ ትንሽ ታግሶ የጆሴፍ ክርስቲያን ላይንዴከርን የዘይት ቀለም ጥናት፣ ማለትም ለትልቁ ሥዕል መዘጋጃ የሣለውን ሙከራ ቢገዛ ይሻለዋል።

ሁለቱ የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው፤ ለመጽሔትና ለማስታወቂያ ይሥሉ ነበር። ላይንዴከር በ1874 ጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሮክዌል በ1894 ኒው ዮርክ ተወለደ። ሁለቱም ለሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት መጽሔት እያንዳንዳቸው ከ320 በላይ ሽፋን ሠርተዋል። ሮክዌል የመጀመሪያ ሽፋኑ የወጣለት በ1916፣ ገና በ22 ዓመቱ ነው። ላይንዴከርን እንደ አርአያ ነበር የሚያየው። ኒው ሮሼል ከተማ ውስጥም ተጎራብተው ኖረዋል።

መጨረሻቸው ግን ለየቅል ሆነ። አሮው ለተባለው የሸሚዝ ኮሌታ በሠራው ማስታወቂያ ዘመኑን የገዛው ላይንዴከር በ1940ዎቹ ሥራ ቀዘቀዘበት፤ በ1951 ሲሞት ብዙ ሥራው በርካሽ ተበተነ። ሮክዌል ደግሞ እስከ 1963 በፖስት ቆይቶ ሉክ ወደሚባለው መጽሔት ተሻገረ። እዚያም በ1964 ነጭ ቀሚስ ለብሳ በጠባቂዎች መካከል ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደውን ትንሽ ጥቁር ልጅ ሣለ። በ1966 ደግሞ በኢትዮጵያ ስላሉ የሰላም ጓዶች የሣለው እዚያው መጽሔት ላይ ወጣ። ለእኛ ከሥራዎቹ ሁሉ ይሄ ልዩ ነው።

ወደ ዋጋው እንግባ። የሮክዌል ትልልቅ የዘይት ሥዕሎች የሀብታም ገበያ ናቸው። በ1951 የሣለውና አሮጊት ሴት ከልጅ ጋር በተጨናነቀ ምግብ ቤት ሲጸልዩ የሚያሳየው ሥዕል በ2013 ሶዝቢስ ጨረታ ላይ 46 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የላይንዴከር ትልቁ የጨረታ ዋጋ በ2021 የተሸጠው የ1914 የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ልጅ ሥዕል ነው፤ 4.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት! በእጅ ብቃት ግን ሁለቱን እንዲህ የሚያራርቅ ነገር አላይም።

አብዛኞቻችን የምንገዛው ከዚህ በታች ያለውን ነው። በ1970ዎቹ የሮክዌል ሥዕሎች ህትመቶች እሱ በእርሳስ እየፈረመባቸውና ቁጥር እየተሰጣቸው ተሸጡ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ይጠየቅባቸዋል። በእጁ የነካው ፊርማውን ብቻ ነው። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ፊርማውን እዩት። እርሳስ ከሆነ በብርሃን ፊት ያብለጨልጫል፣ ወረቀቱንም ትንሽ ተጭኖት ታያላችሁ። እንደ ሥዕሉ በነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ፊርማውም አብሮ የታተመ ነው።

የላይንዴከር ጥናት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ሸራ ላይ እጅ ብቻ፣ ኮሌታ ብቻ፣ ወይም ያው ፊት ሁለት ሦስቴ ተሥሎ ታገኛላችሁ። ዳርና ዳሩ ቀለም ያልነካው ሸራ ነው። ወደ ትልቁ ሥዕል ለማሻገር በእርሳስ ያሰመራቸው አራት ማዕዘኖች ከቀለሙ ሥር ይታያሉ። ብሩሹ ሰያፍ ሰያፍ እያለ ያለፈበትን መስመር አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። እንዲህ ያለው በጨረታ በሺዎችና በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ውድ ነው፤ ግን ሰውየው ሲያስብ የምታዩበት ነው። የሮክዌል እጅ ካልሆነ የሚል ሰው የከሰል ንድፎቹን ይጠብቅ፤ ከላይንዴከር ጥናት ይወደዳሉ።

የሮክዌል ሥዕል የታተመባቸውን የሸክላ ሳህኖች በተመለከተ አጭር ምክር፦ ለኢንቨስትመንት ብላችሁ አትግዙ። በገፍ የተመረቱ ናቸው። አብሮ የሚሰጠው የማረጋገጫ ወረቀት ዋጋ አይጨምርም።

የማጭበርበር ነገርም አለ። በ1954 ለፖስት የተሣለ አንድ የሮክዌል ሥዕል በ1960 በ900 ዶላር ለጓደኛው ተሸጠ። ገዢው ራሱ የካርቱን ሠዓሊ ነበር። ኮፒ ሠርቶ ሰቀለና ኦሪጅናሉን ከግድግዳ ጀርባ ደበቀው። ኮፒው በሮክዌል ሙዚየም ጭምር ታይቷል። ሰዎች ከድሮው የመጽሔት ሽፋን ጋር ሲያስተያዩት ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ፊት አልገጥም አላቸው። ሰውየው ከሞተ በኋላ በ2006 ልጆቹ እውነተኛውን አገኙት፤ በዚያው ዓመት 15.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስለዚህ የሚሸጥላችሁን ከታተመው ሽፋን ጋር አስተያዩ። በ1986 የወጣው የሮክዌል ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩንም ሻጩን ጠይቁ።

ጨረታ ስትገቡ ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ ላይ የጨረታ ቤቱ የራሱን ኮሚሽን እንደሚጨምር አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሩብ ይጠጋል። ታክስና ማጓጓዣ ከዚያ በላይ ነው። በጀታችሁ መቶ ዶላር ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ ያልተቀደደ የድሮ ፖስት መጽሔት ገዝታችሁ ፍሬም አሠሩለት። ሁለቱም ሠዓሊዎች ሲሠሩ ያሰቡት ለዚያ ገጽ ነበር።