አምስቱ ክቦች የማይነግሩን፦ የአንድ የእግር ኳስ ውጤት መተግበሪያ ግምገማ

ይህን የእግር ኳስ ውጤት መከታተያ የስልክ መተግበሪያ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጠቅሜበታለሁ። ግብ በተቆጠረ ቅጽበት መልእክቱ ይደርሳል፤ የደረጃ ሰንጠረዡም ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት እንኳ ሳያስቸግር ይከፈታል። ቅሬታዬ የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች ውጤት ለማሳየት ከየቡድኑ ስም ጎን በተደረደሩት አምስት ክቦች ላይ ነው። አረንጓዴው ድልን፣ ግራጫው አቻን፣ ቀዩ ሽንፈትን የሚያመለክት ሲሆን፣ መተግበሪያው «ወቅታዊ አቋም» የሚለውም ይህንኑ ብቻ ነው።

ድልና ሽንፈትን መቁጠር ከንቱ ነው አልልም፤ ዋንጫ የሚወሰደው በነጥብ ነውና። የቆዩ ሰንጠረዦችን የሚያሳየው ክፍል፣ የመተግበሪያው ምርጥ ገጽ ይመስለኛል፣ ቆጠራው ራሱ ምን ያህል እንደሚያስተምር ያሳያል። በ2018/19 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊቨርፑል ከ38 ጨዋታዎች የተሸነፈው በአንዱ ብቻ ነበር። አራት ጊዜ የተሸነፈው ማንችስተር ሲቲ ግን በ98 ነጥብ፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ብልጫ፣ ዋንጫውን አነሳ። ሊቨርፑል ሰባት ጊዜ፣ ሲቲ ሁለት ጊዜ ብቻ አቻ ወጥተው ነበር፤ ለድል 3፣ ለአቻ 1 ነጥብ በሚሰጥበት ሊግ ሦስት አቻ የሚያስገኘው አንድ ድልና ሁለት ሽንፈት የሚያስገኙትን ያህል ብቻ ነው።

ክቦቹ ግን ከማን ጋር፣ በምን ሁኔታ እንደተጫወቱ አይናገሩም። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ያስመዘገቡት ውጤት በዚህ ስሌት አንድ ግራጫና ሁለት ቀይ ክብ ይሆናል። ያ ግራጫ ክብ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር የተገኘው 1 ለ 1 ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ከሽፎብን፣ ግብ ጠባቂያችን ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ ያስቆጠራት የአቻነት ግብ ያመጣችው ውጤት። ያንን ምሽት የተመለከተ ሰው ከማንኛውም አቻ ጋር በአንድ ቀለም መቀባቱን እንዴት ይቀበላል?

ፊፋ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብሔራዊ ቡድኖችን ደረጃ የሚያሰላው የተጋጣሚን ጥንካሬ እያመዛዘነ ነው፤ ጠንካራውን ያሸነፈ ብዙ፣ ደካማውን ያሸነፈ ጥቂት ነጥብ ያገኛል። የመተግበሪያው አዘጋጆች ይህን ያህል ስሌት ውስጥ መግባት አይጠበቅባቸውም፤ በየክቡ ሥር የተጋጣሚውን የደረጃ ቁጥር ቢያስቀምጡና ጨዋታው በሜዳው ይሁን ከሜዳው ውጪ ቢያመለክቱ ይበቃል። ለጊዜው ውጤት ለመከታተል ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ የቡድንን አቋም ለመመዘን የሚፈልግ ግን ክቦቹን አልፎ የየጨዋታውን ዝርዝር ገጽ ይክፈት።