ሪዲንግ ተርሚናል ገበያ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ፣ እሁድ ግን ይቅርባችሁ

ፊላደልፊያ መሃል ከተማ ያለውን ይሄን ገበያ ሁለት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ የሄድኩት እሁድ ነበር። የተዘጋው ሱቅ ብዛት! ሰው ምኑን እንደሚያወራለት አልገባኝም። ምክንያቱን ኋላ ነው የሰማሁት፤ ከላንካስተር ገጠር አካባቢ የሚመጡት የአሚሽ ነጋዴዎች (አሚሽ ማለት የድሮውን ቀላል ኑሮ የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበረሰብ ናቸው) እሁድን አይሠሩም። የሳምንቱ መጀመሪያ ላይም የማይመጡ አሉ። በሌላ ጊዜ ቅዳሜ በጠዋቱ ተመልሼ ስገባ ሌላ ቦታ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ቡና፣ ዓሣ፣ ቅቤ፣ የሚጠበስ ሊጥ፣ ሁሉም ባንዴ። ፕሬትዝል የሚባለው ጥምዝምዝ ዳቦ የሚጋገርበት ጋ ቆሜ ቀረሁ። ነጭ ቆብ ያደረገች ልጅ ሊጡን ትቆርጣለች፣ እንደ ገመድ ታረዝመዋለች፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ አንዴ ስታዞረው ተጠማዝዞ ቁጭ ይላል። ከምድጃ ሲወጣ ቅቤ ይቀባል። የያዝኩበት ወረቀት በቅቤ ራሰ። በትኩሱ ብሉት፣ ከቀዘቀዘ ያው ዳቦ ነው።

ገበያው ላይ ድሮ ባቡር ይቆም ነበር። የሪዲንግ ባቡር ኩባንያ ጣቢያ ሊሠራ ሲመጣ ቦታው ላይ የነበሩት ገበያተኞች አንነሳም አሉ፤ ስለዚህ ባቡሩ ከላይ፣ ገበያው ከታች ሆነ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ያኔ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ሴቶች የሚፈልጉትን ያዝዙና ዘንቢላቸው በባቡር ተጭኖ ሰፈራቸው ጣቢያ ድረስ ይደርስላቸው ነበር። ባቡሩ በ1984 ቆመ። ገበያው ግን ይኸው አለ፣ የከተማው ሰው ዛሬም ዓሣውንና ሽንኩርቱን ይገዛበታል፤ ለጎብኚ ብቻ የተዘጋጀ ቦታ አለመሆኑ ነው ልቤን የነካው።

ባሴትስ አይስክሬም እንዳያመልጣችሁ። ቤቱ ከ1861 ጀምሮ ያለ ነው፣ ገበያው ሲከፈትም እዚሁ ነበር። የእብነበረድ ባንኮኒው የድሮው ነው። ክንዴን ሳሳርፍበት ቅዝቃዜው ይሰማኛል። ቫኒላውን ቅመሱ፣ ሌላ ምንም አትጨምሩበት።

አሳማ ለማትበሉ (ብዙዎቻችን ነን)፣ ገበያው ውስጥ ያለው ዲኒክስ የሚባለው ሳንድዊች ቤት ዝነኛ ሳንድዊቹ የአሳማ ነው። የበሬም ስላላቸው ከማዘዛችሁ በፊት ለይታችሁ ተናገሩ።

ቅር ያሰኘኝም አለ። ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ የሚባል ነገር የለም፤ ሳህኔን ይዤ ስዞር ምግቤ ቀዘቀዘ። ዋጋውም ርካሽ አይደለም። ከአንድ ፍራፍሬ መደብር የገዛሁት ኮክ ደግሞ ከላይ ያማረ፣ ከስር የላላ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ እንዲሞላላችሁ አትተዉት፣ በእጃችሁ እየነካችሁ ምረጡ።

ከሰው ጋር ከሄዳችሁ መሃል ላይ ፊልበርት የሚባል የነሐስ አሳማ አለ፣ ሰዉ ሳንቲም የሚከትበት። ከተጠፋፋችሁ እዚያ ተገናኙ። የዕቃ መያዣ ቦርሳችሁን ባዶ አድርጋችሁ፣ ሆዳችሁንም እንደዚያው፣ ልክ ሲከፈት ድረሱ።

እማዬ ለጥየቃ ስትመጣ መጀመሪያ የምወስዳት እዚህ ነው። ያንን ኮክ አንድ በአንድ ጨበጥ እያደረገች ስትመርጥ ከአሁኑ ይታየኛል።