ኤ ኤም 5 ማውንት ለቡ ጓሮ ውስጥ፦ ዘጠኝ ዲግሪ ላይ እንዴት ይሠራል?

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። የዜድ ደብሊው ኦ ኩባንያ ኤ ኤም 5 ማውንት (ቴሌስኮፕ ተሸክሞ ኮከቦችን እየተከተለ የሚያዞር መሣሪያ) አዲስ አበባ ሆኖ የሰማይ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው አሪፍ ዕቃ ነው። ፎቶ ሳያነሳ ሰማይን በቴሌስኮፕ በዓይኑ ለሚያይ ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ዝርዝሩን የምጽፈው እስካሁን ያነበብኳቸው ግምገማዎች በሙሉ አውሮፓና አሜሪካ ላለ ሰው የተጻፉ ስለሆኑ ነው። የእኛ ችግር ሌላ ነው።

እኛ ያለነው 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። እንደ ኤ ኤም 5 ያለ ኢኳቶሪያል ማውንት በትክክል እንዲሠራ አንደኛው ዘንጉ ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ፣ ማለትም ኮከቦች ሁሉ ዙሪያውን የሚዞሩት ወደሚመስለው ነጥብ፣ ማነጣጠር አለበት። ለንደን ላይ ይህ ነጥብ ከአድማስ 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ላይ 9 ብቻ ነው። ማውንቱ ተኝቶ ይሠራል ማለት ይቀላል። ብዙ ማውንቶች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የአንዳንዶቹ የከፍታ ማስተካከያ 10 ዲግሪ ላይ ያበቃል። ሌሎቹ ዝቅ ቢሉም የሚዛን ብረታቸው (ከቴሌስኮፑ በተቃራኒ የሚታሰረው ክብደት) ከትሪፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ኤ ኤም 5 ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ይቀበላል። በዚያ ላይ ያለ ሚዛን ክብደት 13 ኪሎ ይሸከማል፤ ክብደት ከታሰረለት ደግሞ 20። የእኔ 80 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከነካሜራው ሰባት ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ የሚዛን ብረቱን ጭራሽ አልተጠቀምኩበትም። የሚጋጭም ነገር የለም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሻንጣ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት የስካይ ዋቸር ኩባንያን ኢ ኪው 6 አር ማውንት ነበር። እሱ ጭንቅላቱ ብቻ ከ17 ኪሎ በላይ ነው። ከሜሪላንድ የሚመጣው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው «አንተ፣ እኔ ልብሴን ለብሼው ልምጣ?» አለኝ። ኤ ኤም 5 አምስት ኪሎ ነው፤ ከጫማዎቹ መሀል ገባ። ስገዛው ዋጋው ያለ ትሪፖድ ሁለት ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ቀረጡን ሳትጨምሩ መሆኑ ነው።

አሁን በትሪፖድ ፈንታ ማውንቱ ወደሚቆምበት ምሰሶ። ሰው ማውንቱ ላይ ይህን ያህል አውጥቶ ምሰሶው ላይ ይቆጥባል። እኔ በተቃራኒው ነው የምመክረው። ጓሮ ውስጥ ያለችኝ ቤት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት። ጣራዋ በአንግል ብረት ላይ በኩሽኔታ እየተንከባለለ ወደ ደቡብ ይከፈታል። ምሰሶው መሀሏ ላይ ነው። አንድ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ ፌሮ ታስሮ፣ ወፍራም የብረት ቱቦ ቆሞበት፣ ውስጡም ውጭውም በአርማታ ተሞላ። ወለሉ ሲሞላ ከምሰሶው ጋር እንዳይነካካ ዙሪያውን ክፍተት አስተውኩ። ይህን ክፍተት ያለ ጭቅጭቅ የሚተውላችሁ ግንበኛ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ። የእኔው «ይሄ እኮ ጉድለት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል?» እያለ ሊደፍነው ሲል በግድ ነው ያስቆምኩት። ወለሉ ምሰሶውን ከነካ ግን በተራመዳችሁ ቁጥር ኮከቡ ፎቶው ላይ ይዘላል።

ምሰሶው ጫፍ ላይ ማውንቱ የሚታሰርበትን ላሜራ ያሠራሁት ቶርኖ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቤት ቀዳዳዎቹን በግምት በስቶ ሰጠኝ፤ ቡሎኖቹ አልገጠሙም። ሌላ ቦታ ሄጄ ማውንቱን ራሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ባለሙያው ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ በሳ። ገጠመ። አምስት ኪሎ ዕቃ ይዞ መሄድ ከባድ አይደለም፤ በወረቀት ንድፍ አትላኩ።

የምሰሶው ጫፍ ቀጭን ይሁን። ማውንቱ ተኝቶ ስለሚሠራ የቴሌስኮፑ ጭራ ወደ ምሰሶው ይጠጋል። የኦሪዮን ኔቡላ (ሰማይ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) እኛ ጋ ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብሎ ነው የሚያልፈው። ያኔ ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ምሰሶው ወፍራም ቢሆን ኖሮ ይመታው ነበር። ላሜራው ውሃ ልኩን መጠበቁ የግድ አይደለም፤ ግን ልክ ከሆነ ከፍታውን ስታስተካክሉ አቅጣጫው አይረበሽም።

ሰሜኑን መያዝ፣ ማለትም ዘንጉን ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ ማነጣጠር፣ ትልቁ ሥራ ነው። ኤ ኤም 5 ዋልታው አጠገብ ያለውን የሰሜን ኮከብ እያዩ ዘንጉን የሚያነጣጥሩበት የዋልታ መነጽር የለውም። ቢኖረውም አይጠቅመኝም ነበር። ከቤቴ በስተሰሜን የጎረቤት ጂ ፕላስ 4 ቆሟል፤ የሰሜን ኮከብን አይቼው አላውቅም። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ደግሞ እንጦጦ ራሱ ሊጋርደው ይችላል። ባይጋረድም ከአድማስ አጠገብ ብርሃን ስለሚታጠፍ ኮከቡ ከእውነተኛ ቦታው ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። መፍትሔው ኒና የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በሦስት ነጥብ የሚያስተካክል ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ቴሌስኮፑ ክፍት ወደሆነው ሰማይ ዞሮ ሦስት ፎቶ ያነሳል። ፕሮግራሙ የኮከቦቹን አቀማመጥ አይቶ ዘንጉ ምን ያህል እንደሳተ ይነግራችኋል። እናንተ ቡሎኑን ማዞር ብቻ ነው። ማጥበቂያዎቹን ግን በአንድ ጊዜ አትጠርቅሟቸው። ከግራም ከቀኝም ቀስ በቀስ አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ።

ኮከብ መከተሉ ላይ ስንመጣ እውነቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ውስጡ ሃርሞኒክ ጊር የሚባል፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ ጉልበት ያለው የጥርስ ማርሽ ነው። ሚዛን የማይፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ጊር ጠባይ ደግሞ በየ288 ሰከንዱ የሚደጋገም መዛነፍ ነው። ኩባንያው የሚለው እስከ ±20 አርክሰከንድ ነው (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው)። ጫፍ እስከ ጫፍ ብትቆጥሩት ጁፒተር ሰማይ ላይ ያላትን ስፋት ያህላል። ሳጥኑ ውስጥ የማውንታችሁ የራሱ የፈተና ወረቀት አለ። ስለዚህ ጋይዲንግ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ትንሽ ካሜራ ጨምራችሁ አንድ ኮከብ እየጠበቀች እርማት እንድትልክ ማድረግ አለባችሁ። ለዚህ ጊር ፈጣን እርማት ይሻላል፤ እኔ ከግማሽ እስከ አንድ ሰከንድ ነው የማደርጋት። በተረጋጋ ሌሊት ስህተቱ ከ0.6 እስከ 0.9 አርክሰከንድ ይቆያል። ከፉሪ በኩል ነፋስ ሲነሳ ይጨምራል። ለእኔ ቴሌስኮፕ በቂ ነው፤ ትልቅና ረጅም ቴሌስኮፕ ላለው ሰው ግን ላያስደስተው ይችላል።

መብራት ሲጠፋስ? ይሄን የውጭ ገምጋሚ አይጠይቅም። ማውንቱ የሚዞርበት ዋናው ዘንግ መብራት ሲቋረጥ የሚይዝ ፍሬን አለው፤ ቴሌስኮፑ ተንሸራቶ አይወድቅም። ነገር ግን በእጅ የሚፈታ ክላች የለውም። ቴሌስኮፑ ቀና እንዳለ መብራት ከሄደ ገፍታችሁ አታስተኙትም። የእኔ ጣራ ደግሞ ቴሌስኮፑ ካልተኛ አይዘጋም። ደመና እየመጣ፣ ጣራው ክፍት፣ ማውንቱ ድርቅ! ስለዚህ ከሶኬት በቀጥታ አላገናኘውም። በ12 ቮልት ስለሚሠራ ከመኪና ባትሪ ነው የምሰጠው፤ ቻርጀሩ ከጎን ባትሪውን ይሞላል። መብራት ቢሄድም ማውንቱ አያውቅም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ክፍያ ደቡቡ ነው። ሚያዝያና ግንቦት አመሻሽ ላይ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከቦች ክምችት ከአድማስ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የካሪና ኔቡላም 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ለንደን ያለ ሰው ሁለቱንም ከቤቱ ሊያያቸው አይችልም። የለቡ መብራት ያደበዝዛቸዋል፣ ግን ይወጣሉ።

ፎቶ ሳታነሱ በቴሌስኮፕ ለማየት ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። በዚህ ዋጋ ትልቅ መስታወት ያለው ዶብሶኒያን (በቀላል መቀመጫ ላይ በእጅ እየተገፋ የሚዞር ቴሌስኮፕ) ገዝታችሁ ገንዘብ ይተርፋችኋል፤ ሰሜንም ባትሪም አይፈልግም።

ሰኔ ሲገባ ማውንቱን ፈትቼ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮ ሥር እርጥበት ሊጠጣ አይገባም። ላሜራውን በፕላስቲክ እሸፍናለሁ፤ ቡሎኖቹን ግራሶ እቀባለሁ። መስከረም ላይ መልሼ ሳስረው ሰሜኑ ትንሽ ስለሚስት የኒናን ሦስት ነጥብ እንደገና መሥራት የግድ ነው።