የልብ ማገገሚያው ፕሮግራም፦ ከትሬድሚሉ ይልቅ ወረቀቱ

ሃርት አታክ ይዞኝ ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ካስገቡልኝ በኋላ ሐኪሜ «ካርዲያክ ሪሃብ» ወደሚባለው ላከኝ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ እስከ 36 ክፍለ ጊዜ ይፈቅዳል። እኔ ጨርሻለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ በስልክ ከምደግመው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ስፖርቱ ብዙ አልልም። ትሬድሚል አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ደረት ላይ ሽቦ ይለጥፉብሃል። የልብ ምትህን በስክሪን እያዩ ስለሚያሠሩህ ሳትፈራ ላብህን ታፈሳለህ። እሱ ጥሩ ነው።

እኔን የገረመኝ መጀመሪያ የሰጡኝ የድብርት መጠይቅ ወረቀት ነው። ዘጠኝ ጥያቄ። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ተስፋ መቁረጥ። «ለልቤ መጥቼ እንቅልፌ ምን አገባው?» አልኳት ነርሷን። የአገር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ» ብላ አስረዳችኝ።

ፕላትሌት ስንቆረጥ ደም የሚያቆመው ጥቃቅን ህዋስ ነው። ያው ህዋስ የልብ ደም ሥር ውስጥ ሲጓጉል መንገድ ይዘጋል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የምውጠውም ለዚህ ነው። እስከዚህ አውቃለሁ። ሴሮቶኒን የሚባለው፣ አንጎል ውስጥ ከስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል፣ ደም ውስጥ ያለው ሁሉ ለማለት ይቻላል በፕላትሌት ተሸክሞ እንደሚዞር ግን ሰምቼ አላውቅም። ሴሮቶኒን የሚመረተው በብዛት አንጀት ውስጥ ነው፤ ፕላትሌት ወደ ውስጥ የሚስብበት በር ደግሞ የአንጎል ህዋሳት ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ነው። ፕላትሌቱ ሲነሳሳ ሴሮቶኒኑን ይረጨዋል፣ ሌሎቹም ተጠርተው ይሰበሰባሉ። ድብርት ያለባቸው ሰዎች ፕላትሌት ቶሎ የሚነሳሳ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የተደበረ ሰው ኪኒኑን ይረሳል፣ ከቤት አይወጣም አለችኝ ደግሞ። ይሄኛውን ያለ ማይክሮስኮፕም አውቀዋለሁ።

በፈረንጆቹ 1993 የታተመ፣ ሞንትሪያል ላይ የተሠራ ጥናት ከሃርት አታክ በኋላ ድብርት የያዛቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የበለጠ እንደሚሞቱ አሳይቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2014 ድብርትን ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች አደጋ ከሚጨምሩት ነገሮች ውስጥ ይቆጠር ብሏል።

ልጅቷን የወደድኳት ግን ባለማጋነኗ ነው። «ታዲያ የድብርት መድኃኒት ብወስድ ሁለተኛ ሃርት አታክ አይዘኝም?» ብላት፣ «አይ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለችኝ። በ2003 የወጣው፣ ወደ 2,500 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ኤንሪችድ የተባለ ጥናት ድብርቱን ቢያቀልም ሞትንና ሁለተኛ ሃርት አታክን አልቀነሰም። የሚታከመው ድብርቱ ራሱ ሕመም ስለሆነ ነው። ሐኪሜ የወረቀቱን ነጥቤን አይቶ ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ጀመረልኝ። መድኃኒቱ ያንን ሴሮቶኒን የሚገባበትን በር ስለሚዘጋ የፕላትሌቱ ሴሮቶኒን ይቀንሳል፤ ከአስፒሪን ጋር ሲሆን መድማት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ለጉልበቴ የምውጠውን አይቡፕሮፌን አስቆሙኝ። ጉልበቴ አልተደሰተም።

አሁን ወቀሳው። ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ነው የሰጡኝ። የአማርኛው አለ እኮ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ተጠንቶ የሚሠራ መሆኑም ታይቷል። ከዚያ የሚብሰው የተሞላበት ቦታ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘት ነው። ይህን መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ የማላውቀው ሰው ትከሻው ትከሻዬን እየነካ ሙላ ይሉኛል። ማን ነው እዚያ እውነቱን የሚጽፈው? አንድ በር ያለው ክፍል አጥተው ነው?

ፓርኪንጉም ውድ ነው። ጡረታ እስክወጣ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ዋጋ አውቃለሁ፤ ይሄ ዘረፋ ነው።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ። የምትሄዱ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ብስክሌት አይገኝም። ወረቀቱንም ለብቻዬ ልሙላ በሏቸው፤ ከጠየቃችሁ ክፍል ይሰጣሉ።